ገና ነው

ከአዳራሹ ግድግዳ፣ ከሰሜኑ ጥግ፣
አንድ ሚስማር አለ፣ ባዶ፣ የማይዝግ።
የዋንጫው ባንዲራ ሊሰቀልበት
በፈረንጅ ሰባ አራት ቸኩለው መቱት።
የቡድኑን ታሪክ ሊጠይቅ የመጣ
ከሚስማሩ ይጀምር፤ ዋንጫማ ከየት ይምጣ።

መጀመሪያ ሐይቅ ነው፤ ጣሪያ የለ፣ ወንበር።
ሃዲድ ጠጋኙ ዋሲል ህሪንኪቭ ነበር
አሥራ ሁለት ፋኖስ ከጣቢያው ተውሶ
በሐይቁ ዙሪያ የሰቀለው፣ ሌሊቱን አፍርሶ።
«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል የእኛ ሰው፤
ለጣቢያው አለቃ ይህን ማን ነገረው?
ሊቆጣ መጣና ዳኛ ሆኖ ቀረ፤
ፊሽካው ከከንፈሩ በውርጭ ተቀረቀረ።
ሩሯ የፈረስ ፋንድያ ናት፣ ቁር ያደነደናት።
ግብ ጠባቂው ጉሰን፣ መከላከያ ቢያጣ፣
የዘር ካታሎጉን ቅልጥሙ ላይ አስሮ ወጣ፤
በወደቀ ቁጥር ይነበባል አሉ
የካሮቱ ዋጋ፣ የጎመኑ ሁሉ።

የኦስሙንድ ፋኖሶች። ስሙ ከዚያ ወጣ።

ከዚያ ጦርነት መጣ።
ከአሥራ አራቱ ልጆች ስድስቱ ዘመቱ፣
ሦስቱ ተመለሱ፣ አንደኛው እግር አጉድሎ።
አሰልጣኝ አደረጉት።
በአንድ እግሩ፣ በክራንቹ፣ በረዶው ላይ ቆሞ
«ሁለት ያለው ሰው ምን ሆኖ ይወድቃል?»
እያለ ሲሳደብ ነው ቡድኑ የቆመው።

በስልሳ ሁለት ጣሪያ ሠሩ። በስልሳ ሦስት
በረዶ ከበደውና ተናደ።
ሰው አልሞተም፤ ማክሰኞ ነበር፤ ልምምድ አልነበረም።
ከተማው ጣውላ እየለቀመ፣ ሚስማር እያቃና፣
እንደገና።

ልጆቹ ከሩቅ ነው የሚመጡ፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣
ጉንጫቸው ላይ ምላጭ ያልዞረበት።
ኦቲሊ ፍሪሰን አርባ አንዱን ቀለበች፣
ቁመታቸውን በወጥ ቤቷ መቃን በእርሳስ እየከተበች።
ሃያ ሲሞላቸው ደንብ ነው፣ ይሄዳሉ።
ቡድኑ አያረጅም፣ ዘንድሮም ጎረምሳ፤
የሚያረጀው ቀላቢው ነው፣ ድንች ላጩ፣ ካልሲ አጣቢው፣ ስም የማይረሳ።
ለአርባ ሁለተኛው መቃኑ ላይ ቦታ ትታ ነው የሞተች።

ያ ሰባ አራት። ሰባተኛው ግጥሚያ፣ ሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት።
ኤልዚየር ሙስቶስ፣ የሰሜን ወጥመደኛ ልጅ፣
ዱላውን አነሣ። መታት።
ብረቱ ጮኸ። ሕዝቡ «ገባ!» ብሎ ዘለለ፤
አንዱማ ሚስማሩን መትቶ ጨርሶ ነበር።
ሩሯም አልገባች፣ ነገሩም አልገባቸው፤
ቋሚው ተንቀጥቅጦ ሳያበቃ፣ ወዲያ ማዶ ገባባቸው።

በዘጠና አንድ ባቡሩ ቀረ፤ ሃዲዱን ነቅለው ሸጡት።
ሁለት ክረምት አዳራሹ ጨለመ፤ ርግብ ሰፈረበት።
በሦስተኛው የፖስታ ቤቷ ሶልቬግ ከቤት ቤት ዞራ
የአጋዘን ሥጋ፣ ማር፣ አንድ አሮጌ ትራክተር ለመነች፤
ሸጠችው፤ የመብራት ዕዳውን ከፈለች፤ ማብሪያውን ተጫነች።
ርግቦቹ በአንድ ላይ ተነሡ።

ዛሬ ሙስቶስ ሰባ ሊሞላው ነው።
የበረዶ መላጊያውን መኪና ይነዳል፤
የልጆቹን ጭረት በሞቀ ውኃ ይደመስሳል፤
በዚያ ቋሚ ሲያልፍ ወርዶ በጣቱ ያንኳኳል፣
እንደ ጎረቤት በር።
በየመስከረሙም መሰላል ያቆምና
ሚስማሩን ዘይት ይቀባል።

አምና አንድ አዲስ ልጅ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ፣ ቀና ብሎ
«እዚህ ምን ነበር የተሰቀለው?» ቢለው፣
ሽማግሌው መልስ አጣ፤ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው።
እኛ ብንሆን ቃል ነበረን፤
የዱላና የሩር ጨዋታው ስሙም፣
ለልጁ የሚሰጠው መልሱም፣
ያው ነው።